በአርቪ ሄዶ በክርስቲያን ካምፕ ማገልገል፦ ከመጀመሪያው ስልክ እስከ መሰናበቻው

ይህ መመሪያ አሜሪካ ውስጥ ጡረታ ወጥታችሁ፣ አርቪ (እየተነዳ ወይም እየተጎተተ የሚሄድ ቤት) ገዝታችሁ ወይም ልትገዙ አስባችሁ፣ ከሌሎች ጡረተኞች ጋር በክርስቲያን ካምፖች በነፃ ማገልገል ለምትፈልጉ ነው። አሠራሩ የታወቀ ነው። ካምፑ ማቆሚያ ቦታ፣ መብራትና ውሃ ይሰጣል። እናንተ ቀለም ትቀባላችሁ፣ አጥር ትጠግናላችሁ፣ ወጥ ቤት ታግዛላችሁ፣ አልጋ ታነጥፋላችሁ።

ነገር ግን በመጀመሪያው ጉዟቸው ተማርረው የሚመለሱ ባልና ሚስት ብዙ ናቸው። አብዛኞቹን ያስመረራቸው ሥራው አይደለም። መኪናው ቦታው ላይ አልገባ ይላል፣ መብራቱ በየሰዓቱ ይቆረጣል፣ የሽንት ቤቱ ታንከር ይደፈናል፣ ወይም ማን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ቅር ይለዋል። አራቱንም ከቤት ሳይወጡ መከላከል ይቻላል። ስለዚህ ዝግጅቱን አትዝለሉት።

## ደረጃ 1፦ በቡድን ሂዱ ወይስ ብቻችሁን?

በድርጅት በኩል። ጡረተኛ የአርቪ ተጓዦችን አሰባስበው ወደ ካምፖች የሚልኩ ክርስቲያናዊ ማኅበራት አሉ። ኖማድስ የዩናይትድ ሜቶዲስት ነው፤ ካምፐርስ ኦን ሚሽን ከሳውዘርን ባፕቲስት ጋር የተያያዘ ነው፤ አሴምብሊስ ኦፍ ጎድ ማፕስ የሚባል አለው፤ ሶወርስም አለ። በኖማድስ የተለመደው ፕሮጀክት ሦስት ሳምንት ሲሆን በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን ስድስት ሰዓት ይሠራል። የቡድን መሪም አለ። ሌሎቹ የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው ከመመዝገባችሁ በፊት አንብቡ። የእምነት መግለጫ እንድትፈርሙ የሚጠይቁም ስላሉ፣ በተለይ ኦርቶዶክሳውያን የሆናችሁ ጽሑፉን አስቀድማችሁ እዩት።

በቀጥታ ለካምፑ በመደወል። ብዙ ካምፖች ለብቻው የመጣንም ይቀበላሉ። ነፃነቱ ሰፊ ነው፤ ጎረቤት ግን የለም።

የመጀመሪያችሁ ከሆነ በቡድን ሂዱ። አጠገባችሁ የቆመው አርቪ ውስጥ ያለው ሰው ለዓመታት በዚህ ኖሯል። ማታ ላይ ቧንቧችሁ ቢያፈስ መጥቶ የሚያይላችሁ እሱ ነው።

ተጠንቀቁ፦ በአርቪ እየኖሩ ተቀጥሮ መሥራትና በጎ ፈቃድ አንድ አይደሉም። ካምፑ ደመወዝ ከከፈላችሁ ወይም ቦታውን የሰጣችሁ ይህን ያህል ሰዓት እንድትሠሩ በሚያስገድድ ውል ከሆነ የታክስ ጥያቄ ይመጣል። ከመፈረማችሁ በፊት ታክሳችሁን ለሚሠራው ሰው አሳዩት።

## ደረጃ 2፦ ስልኩ

ከጉዞው ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት ደውሉ፤ ለክረምት ወደ ፍሎሪዳ፣ ቴክሳስ ወይም አሪዞና ከሆነ ከዚያም ቀደም በሉ። እነዚህን ጠይቁና መልሱን በኢሜይል አስልኩ፦

- ቦታው ስንት ጫማ አርቪ ይይዛል? የራሳችሁን ርዝመት ከመጎተቻው ጋር ደምራችሁ ተናገሩ። የመግቢያው መንገድ ዛፍ፣ ጠባብ ድልድይ ወይም ቁልቁለት እንዳለው ለይታችሁ ጠይቁ። ካምፖች ጫካ ውስጥ ናቸው፤ ቦታው ራሱ ሰፊ ሆኖ የሚያደርሰው መንገድ የማያስገባበት ጊዜ አለ።
- መብራቱ 30 ነው ወይስ 50 አምፔር? ይህ በደረጃ 6 የምታዩትን ሁሉ ይወስናል።
- ፍሳሽ ማስወገጃው ቦታው ላይ ነው? ከሌለ በሳምንት አንድ ጊዜ መኪናውን ማንቀሳቀስ፣ ወይም ጎማ ያለው ተሸካሚ ታንከር መግዛት ግድ ይላል።
- ፍሳሹ የሚሄደው ወደ ሴፕቲክ (መሬት ውስጥ ወደተቀበረ የካምፑ የራሱ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ) ነው? ከከተማ የራቁ ካምፖች አብዛኛውን ጊዜ አዎ ይላሉ። ፎርማልዴሃይድ ያለበት የታንከር ኬሚካል በሴፕቲኩ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ስለሚገድል አትግዙ።
- በቀን ስንት ሰዓት፣ በሳምንት ስንት ቀን? ባልም ሚስትም እኩል ይሠራሉ? የቅሬታ ሁሉ መነሻ እዚህ ነው። አንዳችሁ ጉልበት ወይም ወገብ የሚያማችሁ ከሆነ አሁኑኑ ተናገሩ። ቢሮ ውስጥ ስልክ ማንሳት፣ መጋረጃ መስፋት፣ ዕቃ መቁጠር ሁሉም ካምፕ ያለው ሥራ ነው።
- ብንጎዳ ማን ይከፍላል? በጎ ፈቃደኛ በሠራተኛ የጉዳት መድን ላይሸፈን ይችላል። ካምፑ ለበጎ ፈቃደኞች የተለየ መድን እንዳለው ጠይቁ።
- ምግብ አብረን ነው ወይስ በየራሳችን? ጾም የምትጾሙ ከሆነ ወጥ ቤቱን «ቪጋን» በሏቸው፤ ወዲያው ይገባቸዋል። ቅቤ የገባበት ሩዝና ዳቦ እንደማትበሉም ጨምሩ።

በስልክ «ስትመጡ እናያለን» የሚል መልስ ብቻ የሚሰጥ ካምፕ ካጋጠማችሁ ሌላ ካምፕ ፈልጉ።

## ደረጃ 3፦ መኪናውን ማዘጋጀት

ጎማ። የጎማው ጎን ላይ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ ታገኛላችሁ። 2319 ማለት ጎማው የተሠራው በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። የአርቪ ጎማ ብዙ ጊዜ ቆሞ ስለሚያረጅ ጥርሱ ሳያልቅ ይፈነዳል። ስድስት ዓመት ካለፈው ባለሙያ ሳያየው ረጅም መንገድ አትውጡ። ንፋሱን ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ለኩ።

ክብደት። ውሃውን፣ ዕቃውን፣ ሰውን ጭናችሁ በከባድ መኪናዎች ማደያ ባለው ሚዛን ላይ አስመዝኑ። በር አካባቢ ከተለጠፈው ከፍተኛ ክብደት ጋር አመሳክሩ። ካለፈ ዕቃ አውርዱ። የአሥር ሰው ድስት፣ ሁለት ጆንያ ጤፍና የመሣሪያ ሣጥን አንድ ላይ ሲሆኑ ክብደቱ ሳይታወቅ ያልፋል።

የማስጠንቀቂያ ደወሎች። የጭስ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድና የፕሮፔይን ጋዝ ደወሎች ጀርባቸው ላይ የማብቂያ ቀን አለ። ቀኑ ካለፈ ቢጮሁም አትመኗቸው፤ ለውጡ።

የመጠጥ ውሃ ታንከር። ለ15 ጋሎን ሩብ ስኒ ሽታ የሌለው በረኪና በውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩ፣ ታንከሩን ሙሉ፣ ሁሉንም ቧንቧ እስኪሸት ክፈቱ፣ አሳድራችሁ ድፉት፣ ሽታው እስኪጠፋ እጠቡት።

ከቤት የሚያዝ፦ የጎማ ታኮ፣ ውሃ ልክ፣ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መደላደያ፣ የመጠጥ ውሃ ቱቦ (ነጭ ወይም ሰማያዊ)፣ የውሃ ግፊት መቀነሻ፣ ሰርጅ ፕሮቴክተር (አርቪውን ከመብራት መዛባት የሚከላከል መሰኪያ)፣ ከ50 ወደ 30 የሚቀይር አዳፕተር፣ የፍሳሽ ቱቦ፣ ለፍሳሽ ብቻ የሚሆን ጓንት። ለሥራው ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻና የዓይን መከላከያ ይበቃል። ከባዱ መሣሪያ ካምፑ ውስጥ አለ።

## ደረጃ 4፦ ወረቀት፣ ጤናና መንገድ

የጀርባ ምርመራ። ካምፑ ልጆች የሚመጡበት ስለሆነ ለወንጀል ምርመራ ፎርም ትሞላላችሁ። አትቀየሙ፤ ሁሉም ይጠየቃል። ውጤቱ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ቀድማችሁ ላኩ። ደንቡ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ከልጅ ጋር ለብቻው እንዳይሆን የሚከለክል መስመር ታገኛላችሁ። እኛ የሰው ልጅ ስናይ ማቀፍ፣ ግንባር መሳም ልማዳችን ነው። እዚያ ግን ሰላምታችሁ በሰው ፊትና በእጅ ይሁን።

ሜዲኬር። ኦሪጅናል ሜዲኬር ያለው ሰው ሜዲኬር የሚቀበል ሐኪም ዘንድ በየትኛውም ግዛት መታከም ይችላል። ሜዲኬር አድቫንቴጅ (በግል መድን ድርጅት በኩል የሚሰጠው)፣ በተለይ ኤች.ኤም.ኦ. (በራሱ ሐኪሞች የተወሰነ ዓይነት) ከሆነ፣ ከድንገተኛና ከአስቸኳይ ሕክምና በስተቀር በአካባቢያችሁ ኔትወርክ ሊገደብ ይችላል። ካርዱ ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር ደውላችሁ የምትሄዱበትን ግዛት ስም ጥሩና ጠይቁ። መድኃኒት ለጉዞው ሁሉ የሚበቃ ያዙ፤ ኢንሱሊን የምትወስዱ ፍሪጁ መንገድ ላይ መሥራቱን በቴርሞሜትር አረጋግጡ።

ታክስ። ለሠራችሁበት ሰዓት የሚቀነስ ነገር የለም። ዕቅዱ ሽርሽር ካልሆነና ወጪያችሁን በዝርዝር የምታስመዘግቡ ከሆነ ለበጎ አድራጎት የተነዳ ማይል በ14 ሳንቲም ይሰላል። ማይሉን በየቀኑ ጻፉ፤ ከካምፑም የምስጋና ደብዳቤ ሳይሆን ምን እንዳገለገላችሁ የሚገልጽ ማረጋገጫ ውሰዱ።

መንገድ። የስልክ ካርታ ለትንሽ መኪና የተሠራ ነው። የአርቪያችሁን ቁመት የሚቀበል አፕ ተጠቀሙ፤ ቁመቱንም ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉ። ከዲሲና ከቨርጂኒያ ወደ ሰሜን የምትወጡ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ባልቲሞር ያሉት ሁለቱ ዋሻዎች፣ ሃርበር ተነልና ፎርት መክሄንሪ፣ አንዱ ሲሊንደር ከ10 ፓውንድ በላይ ፕሮፔይን የሚይዝበትን መኪና አያሳልፉም። የብዙ አርቪ ሲሊንደር 20 ወይም 30 ፓውንድ ነው። ድሮ መዞሪያ የነበረው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ በመጋቢት 2024 ስለወደቀ፣ 695ን (የባልቲሞርን ቀለበት መንገድ) በምዕራብ በኩል ዙሩ።

## ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ሰዓት

ጀንበር ሳትጠልቅ ድረሱ። ከመሸ ካምፑ በር ላይ እደሩና ጠዋት ግቡ፤ በጨለማ ወደ ኋላ ከመግባት ይሻላል። ቅደም ተከተሉን አትለውጡ።

1. መጀመሪያ በእግራችሁ ግቡ። ሁለታችሁም ውረዱ። የመብራቱን ሳጥን፣ የውሃውን ቧንቧ፣ የፍሳሹን ጉድጓድ፣ ከላይ ያለውን ቅርንጫፍ እዩ።
2. ወደ ኋላ ግቡ። አንዱ ይነዳል፣ አንዱ በሹፌሩ በኩል በመስታወት እየታየ ይመራል። ስልክ ደዋውላችሁ በድምፅ ማጉያ ተነጋገሩ። የሚመራው ሰው ከመስታወቱ ከጠፋ ሹፌሩ ያቆማል።
3. በጎንና በጎን አስተካክሉ። ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ አድርጋችሁ ዝቅ ያለው ጎማ ሥር መደላደያ ክተቱ። በጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ተጋድሞ ከሠራ ይበላሻል።
4. ታኮ ክተቱ፤ ከዚያ ብቻ ፍቱ። ተጎታቹን ከመኪናው ስትፈቱ ታኮ ከሌለ ይንከባለላል። በዚህ ሰው ሞቷል።
5. ማረጋጊያ እግሮቹን አውርዱ። ሥራቸው መወዛወዝን ማስቀረት ነው። እንደ ክሪክ መኪናውን ለማንሳት አትጠቀሙባቸው፤ ይጣመማሉ።
6. መብራት። ሳጥኑን ክፈቱ። የሶኬቱ ቀዳዳ የጠቆረ፣ የቀለጠ ወይም የላላ ከሆነ አትሰኩ፤ ለካምፑ ጥገና ተናገሩ። ደህና ከሆነ ብሬከሩን አጥፉ፣ ሰርጅ ፕሮቴክተሩን ሰኩ፣ ብሬከሩን አብሩ፣ የፕሮቴክተሩን መብራቶች አንብቡ። ስህተት ካላሳየ ብሬከሩን መልሳችሁ አጥፉ፣ የአርቪውን ገመድ ሰኩ፣ አብሩ።
7. ተንሸራታቹን ክፍል (ከአርቪው ጎን ወደ ውጭ የሚወጣውን) አውጡ። ከውጭ አንድ ሰው ቆሞ ይይ፤ ከውስጥ ወለሉ ላይ የቀረ ጫማ ወይም ወንበር እንዳይኖር።
8. ውሃ። የካምፑን ቧንቧ ለጥቂት ሰኮንድ ደፍታችሁ አስጠሩ። ግፊት መቀነሻውን ቧንቧው ላይ፣ ቱቦውን ከእሱ ቀጥሎ እሰሩ። ከ40 እስከ 50 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ) ይበቃል።
9. ውሃ ማሞቂያው። ውስጥ ያለውን የሙቅ ውሃ ቧንቧ ክፈቱ። አየር ማስተንፈሱን ጨርሶ ውሃ በደንብ እስኪፈስ ማሞቂያውን አታብሩ። ባዶ ታንከር ላይ የበራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ወዲያው ይቃጠላል።
10. ፍሳሽ። ቱቦውን ከአርቪው ወደ ጉድጓዱ እያዘቀዘቀ እንዲሄድ ዘርጉ። ቫልቮቹን ገና አትክፈቱ።

ካልሆነ፦ መብራት ከሌለ መጀመሪያ የሳጥኑን ብሬከር፣ ቀጥሎ የአርቪውን ዋና ብሬከር፣ ከዚያ መታጠቢያና ወጥ ቤት ያለውን ትንሽ ቁልፍ ያለበት ሶኬት እዩ፤ ቁልፉን ተጫኑት። ሙቅ ውሃ የማይመጣ ከሆነ ለክረምት ውሃ ወደ ማሞቂያው እንዳይገባ የተዞረው ማለፊያ ቫልቭ አልተመለሰ ይሆናል። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ከመጣ ጋዝ እያፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ምንም መብራት ሳትነኩ ውጡ፣ ሲሊንደሩን ከውጭ ዝጉ፣ ርቃችሁ ደውሉ።

## ደረጃ 6፦ በ30 አምፔር መኖር

30 አምፔር በ120 ቮልት 3,600 ዋት ነው። 50 አምፔር ደግሞ ሁለት መስመር ስላለው እስከ 12,000 ዋት ይደርሳል። ልዩነቱ ከቁጥሩ በላይ ነው።

አሁን የራሳችሁን ወጥ ቤት አስቡ። የኤሌክትሪክ ምጣዳችሁን ገልብጣችሁ የተጻፈውን ዋት አንብቡ። 1,500 ዋት ከሆነ ለብቻው 12 አምፔር ተኩል ይወስዳል። ኤሲው እስከ 15 ሊጠጣ ይችላል። የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ከሆነ ሌላ 12 ገደማ። ሦስቱ አንድ ላይ ከ30 አለፉ፤ ብሬከሩ ይወድቃል፣ ግማሽ የበሰለ እንጀራም ምጣድ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ እንጀራ ስትጋግሩ ኤሲውን አጥፉ፣ ውሃ ማሞቂያውን ወደ ጋዝ ቀይሩ፣ ማይክሮዌቭ አትንኩ። ጠዋት፣ ቀኑ ሳይሞቅ ጋግሩ። በቀጭን የማራዘሚያ ገመድ ምጣድ አትሰኩ፤ ገመዱ ይግላል። ሰርጅ ፕሮቴክተሩ ላይ ቮልቱ ከ105 በታች ከወረደ ኤሲውን አጥፉ። በሞቃት ከሰዓት ሁሉም አርቪ ኤሲ ሲያበራ ይህ የተለመደ ነው፤ የኤሲውን ሞተር ግን ይገድለዋል።

ቡና። ይህን በብርቱ አደራ እላለሁ፦ ከሰል አርቪ ውስጥ አታስገቡ። መስኮት ተከፍቶም ቢሆን፣ ፍሙ አመድ ለብሶም ቢሆን። የአርቪ ክፍል ጠባብ ነው፤ ከሰሉ የሚያወጣው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታም ጭስም የለውም። ረከቦቱን ከአርቪው ጥላ ሥር፣ ውጭ ዘርጉ፣ ካምፑ እሳት የሚፈቅድበትን ቦታ ጠይቁ። ውጭ መቁላት ሌላም ጥቅም አለው። ጎረቤቶቻችሁ ሽታው ጠርቷቸው ይመጣሉ፤ ከቡድኑ ጋር ለመተዋወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። ዝናብ ከሆነ ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ፣ ዕጣኑን ግን ተዉት፤ ደወሉ ይጮኻል።

## ደረጃ 7፦ የሽንት ቤቱ ታንከር

ሁለት ታንከር አለ፦ የሽንት ቤትና የእጥበት ውሃ። ብዙ ሰው የፍሳሽ ቱቦው ከተሰካ በኋላ የሽንት ቤቱን ቫልቭ ከፍቶ ይተወዋል። ፈሳሹ ይሄዳል፣ ደረቁ ይቀራል፣ ከመቀመጫው ሥር ተከምሮ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ማስለቀቁ በሙያተኛና በገንዘብ ነው።

1. የሽንት ቤቱን ቫልቭ ዝጉት። ታንከሩ ሁለት ሦስተኛ እስኪሞላ አትክፈቱት።
2. ባዶ ባደረጋችሁት ቁጥር ጥቂት ጋሎን ንጹሕ ውሃ ጨምሩበት።
3. በየጊዜው ብዙ ውሃ ልቀቁ። እዚህ ላይ መቆጠብ ጉዳት ነው። በውሃ የሚሟሟ ወረቀት ብቻ ተጠቀሙ፤ እርጥብ መጥረጊያ በፍጹም።
4. ሲሞላ ጓንት አጥልቃችሁ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ክፈቱ። ድምፁ ሲቆም ዝጉ። ቀጥሎ የእጥበቱን ክፈቱ፤ ቱቦውን ያጥበዋል።
5. የመጠጥ ውሃ ቱቦ ወደዚህ አካባቢ አይምጣ። ለማጠቢያ ሌላ ቀለም ያለው ቱቦ ይኑራችሁ።

ከተደፈነ፦ ታንከሩ ከሞላ መጀመሪያ የሚወጣውን ያህል አውጡ። ከዚያ በመቀመጫው ብዙ ሙቅ ውሃ (የፈላ ሳይሆን) ጨምሩ፣ አሳድሩ፣ ጠዋት ክፈቱ። ሽቦ አትስደዱ፤ ታንከሩን ይበሳል።

ውርጭ ከመጣ፦ ማታ የውሃ ቱቦውን ፍቱና ከውስጥ ታንከር ተጠቀሙ። በረዶ የሠራ ቱቦ የካምፑንም ቧንቧ ይሰብራል።

## ደረጃ 8፦ ሥራው

የመጀመሪያው ጠዋት አብዛኛውን ጊዜ በጸሎትና በአጭር ቃል ይጀምራል፤ ቀጥሎ መሪው ሥራ ያከፋፍላል። የማታውቁትን ሥራ «እችላለሁ» አትበሉ። በይሉኝታ የተወሰደ ሥራ ነው ሰው የሚጎዳው።

መሰላል። ከ65 ዓመት በላይ ከሆናችሁ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም የሚያዞር የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ መሬት ላይ ያለውን ሥራ ጠይቁ። የሚወጣ ሰው መሰላሉን ለየአራት ጫማ ከፍታ አንድ ጫማ ከግድግዳው ያርቅ፤ ሥሩ የሚይዝ ሰው ይኑር።

አሮጌ ቀለም። ከ1978 በፊት የተሠራ ሕንፃ ቀለሙ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። የቆዩ የካምፕ ጎጆዎችን በደረቁ አትፋቁ፣ አትሞርዱ፤ አቧራው ለሚመጡት ልጆችም መርዝ ነው። ተመርምሮ እንደሆነ መሪውን ጠይቁ። መልስ ከሌለ ሥራው ይቆይ።

ሙቀት። ሰው ካልላበው፣ ከተወላገደ ወይም ከተደነጋገረ 911 ደውሉ፤ እስኪመጡ ጥላ ሥር አስገብታችሁ በውሃ አርጥቡት።

ቅር ሲላችሁ። ሰዓቱ ከተባለው በላይ ከሆነ ኢሜይሉን ይዛችሁ መሪውን ለብቻው አነጋግሩ፤ ሁለተኛው ቀን ላይ እንጂ ሦስተኛው ሳምንት ላይ አይሁን። እኛ አኩርፎ ዝም ማለት ይቀናናል። እነሱ ዝምታውን ደስታ አድርገው ይወስዱታል፣ ሥራውም ይጨመራል። እንግሊዝኛው ለአንዳችሁ ከከበደ ሁለታችሁም አንድ ቡድን ውስጥ እንድትመደቡ ጠይቁ፤ ይፈቅዳሉ።

## ደረጃ 9፦ ስትወጡ

በዋዜማው ታንከሮቹን ባዶ አድርጉ፣ የካምፑን መሣሪያ አጥባችሁ መልሱ፣ ያላለቀውን ሥራ ጽፋችሁ ለሚቀጥለው ቡድን ተዉ፦ የቀለሙ ቁጥር፣ የቀረው በር፣ ቪቴው የተቀመጠበት ቦታ።

ጠዋት ከደረጃ 5 ተቃራኒ ሂዱ። ፍሳሽ፣ ውሃ፣ ተንሸራታች ክፍል፣ ከዚያ ብሬከር አጥፍታችሁ ገመድ ንቀሉ። ተጎታቹን እሰሩ፤ ሰንሰለቱና የመብራቱ ገመድ መያያዛቸውን አረጋግጡ። ታኮው የሚነሳው ከታሰረ በኋላ ነው። አንቴናውን ዝቅ አድርጉ፣ ደረጃውን ሰብስቡ፣ የጣሪያ መስኮቱን ዝጉ። አንዱ ከኋላ ቆሞ የፍሬንና የምልክት መብራት ይይ።

ከካምፑ ወጥታችሁ ባገኛችሁት የመጀመሪያ ሰፊ ማቆሚያ ቁሙና መኪናውን አንድ ጊዜ ዙሩት። እጃችሁን ከየጎማው መሐል አጠገብ አቅርቡ፤ ሙቀቱ ከርቀት የሚሰማችሁ ካለ አትንኩት። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከሞቀ ፍሬኑ ይዟል ወይም ኩሽኔታው ተበላሽቷል ማለት ነው፤ አትንዱ፣ የመንገድ ዕርዳታ ጥሩ።